የቤተሰብ ዶጆ ለመክፈት፦ ከታፔላው በፊት ወለሉ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ጥቁር ቀበቶ ነን፤ የ17 ዓመት ልጃችንም ቡናማ ይዛለች። ከሕፃን እስከ ጡረተኛ የሚሠለጥንበት አነስተኛ የካራቴ ዶጆ (ማሠልጠኛ) ልንከፍት ነው። ያገኘነው አዳራሽ 8 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ስንት ሰው ይይዛል? ወለሉንስ ምን እናድርገው?

መልስ፦ ከ80 ካሬ ሜትሩ ላይ ጫማ ማውለቂያ፣ ልብስ መቀየሪያና የወላጆች መቀመጫ ሲነሣ ለልምምድ የሚቀራችሁ 60 ያህል ነው። አዋቂ ሰው ካታ (ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የብቻ ልምምድ) ሲሠራ እጅና እግሩን ዘርግቶ ወዲያና ወዲህ ስለሚራመድ 4 ካሬ ሜትር ግድ ይለዋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ 15 አዋቂ፣ ከዚያ በላይ አትቀበሉ። የሕፃናቱን ቁጥር ግን የሚወስነው ቦታው አይደለም፤ የሚቆጣጠራቸው ሰው ብዛት ነው። ለስምንት ሕፃን አንድ አሠልጣኝ፣ ከጎኑም አንድ ረዳት ይኑር።

ባዶ ሲሚንቶ ላይ መዝለል ጉልበትና ተረከዝ ይጎዳል። ከሥሩ ክፍተት ያለው የእንጨት ወለል ከሁሉም ይበልጣል፤ ወጪው ግን ለጀማሪ ይከብዳል። የሚያዋጣችሁ እርስ በርሱ የሚጠላለፈው፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነው የስፖንጅ ንጣፍ ነው። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ብዙ ሰው «ወፍራሙ ይሻላል» ብሎ 4 ሴንቲ ሜትሩን ይገዛል። እሱ መጣልና መወርወር ለሚበዛበት ለጁዶ የሚስማማ ነው። በማዋሺ ጌሪ (ዞሮ ከጎን በሚመጣው ርግጫ) ጊዜ መሬት ላይ የቀረው እግር መሽከርከር አለበት። ንጣፉ ለስላሳ ከሆነ እግሩ ሰምጦ ይያዛል፣ ዳሌ ግን ይዞራል፤ በመካከል የሚጣመመው ጉልበት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጫማ አውልቃችሁ፣ ተረከዝ አንሥታችሁ አንዱ ላይ ዙሩበት። የእግራችሁን ቆዳ ይዞ ከጎተተ ተዉት።

ከማንጠፋችሁ በፊት ሲሚንቶው እርጥበት እንዳለው ፈትሹ። አንድ ሜትር ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉትና ለ24 ሰዓት ተዉት። ሲገለጥ ከሥሩ ላብ ከያዘ ንጣፉ በወራት ውስጥ ይሻግታል፤ መጀመሪያ እርጥበቱ መፍትሔ ያግኝ። ንጣፉ ከግድግዳ ግድግዳ የማይሞላ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን በሳንቃ እሰሩት። ያለዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሸሸ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ የእግር ጣት እዚያ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል።

ጽዳቱ በየቀኑ ነው። መጀመሪያ ይጠረግ፤ ቀጥሎ በደንብ በተጨመቀ መወልወያ ማጽጃ መድኃኒት ይቀባ፤ ማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ውኃ መድፋት ክልክል ነው፤ ከሥር ገብቶ አይወጣም። በባዶ እግር መጸዳጃ ቤት መሄድም እንዲሁ። ጭርት የወጣበት ተማሪ ሕክምና እስኪያገኝ ከንጣፉ ይራቅ፤ አንዱ ሲይዘው ክፍሉን በሙሉ ያዳርሳል።

ጥያቄ፦ «ለሁሉም ዕድሜ ክፍት» ብለን ማስታወቂያ ልናወጣ ነው። አያትና የልጅ ልጅ አብረው ይሠልጥኑ ወይስ ይለያዩ?

መልስ፦ ለሁሉም ክፍት ማለት ሁሉም በአንድ ሰዓት ማለት አይደለም። ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉት 30 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቆጣ እንጂ የሚማር የለም። ከ7 እስከ 12 ላሉት ከ45 እስከ 60፣ ለወጣትና ለአዋቂ ከ75 እስከ 90 ደቂቃ። በዕድሜ የገፉት ለብቻቸው 45 ደቂቃ ቢያገኙ ይመረጣል። በየክፍሉ መካከል 15 ደቂቃ ካልተዋችሁ የሚወጡት ሕፃናትና የሚያሟሙቁት አዋቂዎች አንድ ንጣፍ ላይ ይገናኛሉ፤ አደጋም የሚበዛው ያኔ ነው።

ቤተሰብ የሚገናኝበት አንድ ሰዓት ግን በሳምንት ይኑር፤ ኪሆን (መሠረታዊ እንቅስቃሴ) እና ካታ ብቻ፣ ያለ ኩሚቴ (ከተቃራኒ ጋር የሚደረግ ፍልሚያ)። በካታ እያንዳንዱ በአቅሙ ልክ ዝቅ ይላል። አዛውንት «የሕፃናት ነው» ብለው ፒናንን (በሌላ ስሙ ሄያንን) እንዳይንቁት ንገሯቸው፤ የካራቴ መምህሩ ኢቶሱ አንኮ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጃፓን ላለችው የኦኪናዋ ደሴት ተማሪ ቤቶች ያዘጋጃቸው ካታዎች ናቸው፣ ዛሬ ለጥቁር ቀበቶም ይቀርባሉ። አዛውንቱ ዜንኩትሱ ዳቺን (የፊት ጉልበት ታጥፎ የኋላው እግር የሚዘረጋበትን አቋቋም) አሳጥረው ይቁሙ፣ እግራቸውን ከጉልበት በላይ አያንሡ፣ የወንበር ጀርባ ቢይዙም ነውር የለውም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሽ እየተያዘና ሰውነት እየተጠነከረ የሚሠራውን ሳንቺን የተባለ ካታ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንካ።

ለልጆች ማኪዋራም (በጡጫ የሚመታ የልምምድ ሳንቃ) ሆነ በጡጫ ላይ ፑሽ አፕ አይሰጥ፤ አጥንታቸው የሚያድግበት ክፍል ገና ለስላሳ ነው። ራሱን ተመትቶ ያዞረው፣ ያስመለሰው ወይም የደነዘዘ ተማሪ፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ «ደኅና ነኝ» ቢልም የዚያን ቀን ወደ ንጣፉ አይመለስም፤ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ልጃችን ለጥቁር ቀበቶ ደርሳለች። እኛው እንፈትናት?

መልስ፦ አትፈትኗት። ብቁ ብትሆን እንኳ ቀበቶዋን ተማሪው ሁሉ «የአባቷ ስጦታ» ይለዋል። ዶጆው አስቀድሞ የስልታችሁ ማኅበር ወይም ፌዴሬሽን አባል ይሁን፤ ፈታኝ ከዚያ ይምጣ። ሕፃናቱንም ብቻዋን አታስተምር፣ አንድ አዋቂ ሁልጊዜ አዳራሹ ውስጥ ይኑር። ንጣፉ ላይ አባዬ እማዬ የለም፣ ሁሉም ሰንሰይ (መምህር) ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብቻ ኃላፊ ሁኑ፤ አንዱ ያረመውን ሌላው ተማሪ ፊት አያርም። ይህን ሕግ በጽሑፍ አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ስንት ተማሪ ሲኖረን ነው የማንከስረው?

መልስ፦ የወሩን ኪራይ፣ መብራት፣ ኢንሹራንስና ጽዳት ደምራችሁ ለአንድ ተማሪ የወር ክፍያ አካፍሉ። 24 ወጣ እንበል። ወንድምና እኅት ለሚያስመዘግብ ግማሽ ታስከፍሉ ይሆናል፤ ከሦስት ተማሪ አንዱ በግማሽ ከከፈለ 24 ተማሪ የሚያመጣው የ20 ነው። የሚያስፈልጓችሁ 29 ናቸው። ቤተሰብ ላይ የቆመ ዶጆ ይህን ቅናሽ ከረሳ ይወድቃል። የወር ክፍያ በወሩ መጀመሪያ ይሰብሰብ። የዶጆውና የቤቱ ገንዘብ በአንድ የባንክ ደብተር አይግባ። የስድስት ወር ኪራይ በእጃችሁ ሳይኖር ውል አትፈርሙ፤ ውሉ ላይም አዳራሹ ለካራቴ እንደሚውል በግልጽ ይጻፍ፤ ኪያይ (የካራቴ ጩኸት) ሲጀመር ጎረቤት ዝም አይልም።

ጥያቄ፦ ጊ (የካራቴ ልብስ) ያልገዛ ተማሪ ይግባ?

መልስ፦ ይግባ። ለመጀመሪያው ወር ዚፕና ቁልፍ የሌለው ሰፊ ሱሪና ቲሸርት ይበቃል። የእጅና የእግር ጥፍር ይቆረጥ፤ ቀለበት፣ ጉትቻና ሰዓት ይውለቅ። የአፍ መከላከያ ግን ኩሚቴ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ የራሱን ይግዛ፤ በውሰት አይሆንም።