መልስ፦ የቸኮሌት ኩኪስ መሃሉ እንዳይደርቅ

መሃሉ ሲነካ ስለሚሰምጥ 3 ደቂቃ ጨምሬለት ሲቀዘቅዝ ድርቅ አለ ብለሻል፤ ያደረቁት እነዚያ 3 ደቂቃዎች ናቸው። ኩኪስ ከኦቨን የሚወጣው ሳይጠነክር ነው። የካካዎ ሊጥ ጥቁር ስለሆነ በቀለሙ መፍረድ አትችይም። በ175 ዲግሪ 10 ደቂቃ ገደማ ላይ ጠርዙ ያዝ አድርጎ መሃሉ ገና እርጥብ ሲመስል አውጪውና ትሪው ላይ እንዳለ 10 ደቂቃ ተዪው፤ በራሱ ሙቀት ይጠነክራል።

ስኳሩንም ቀይሪ። በነጭ ስኳር ብቻ ሲታኘክ ሳብ የሚል ኩኪስ በቀላሉ አይወጣም። ቡናማው ስኳር ግን ሞላሰስ (ጥቁሩ የስኳር ዝቃጭ) ስላለው እርጥበት ይይዛል።

1. 115 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጠሽ ለብ ሲል ከ150 ግራም ቡናማና ከ50 ግራም ነጭ ስኳር ጋር ምቺው (ለወጥ የተነጠረ ቅቤ አይሆንም፣ ቅመሙ ይገንናል)። 1 ሙሉ እንቁላልና 1 አስኳል ጨምሪ።

2. 125 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 45 ግራም ካካዎ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ነፍተሽ ጨምሪበት። ደረቁ ዱቄት መታየቱን እንዳቆመ ማማሰሉን ተዪው፤ ብዙ ከታሸ ዳቦ ዳቦ ይላል።

3. 150 ግራም የተከተፈ ጥቁር ቸኮሌት ጨምረሽ 1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። ሊጡ ሳይቀዘቅዝ ኦቨን ከገባ ተንጣሎ ይሳሳል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ከወተት ጋር የሚጠጣውን ስኳር ያለበት የቸኮሌት ዱቄት በካካዎ ፋንታ እንዳታስገቢ። አብዛኛው ስኳር ስለሆነ ኩኪሱ ይፈስሳል፣ የቸኮሌት ጣዕሙም የለም። ማሸጊያው ላይ በይዘቱ ዝርዝር ውስጥ ስኳር ከተጻፈ መልሰሽ መደርደሪያው ላይ አስቀምጪው።