«ያስተማርኩሽ ቆራሌ እንድትሆኚ ነው?»

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ላላነበበው ሰው መጀመሪያ ባጭሩ ልንገር። ዘንድሮ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ትጨርሻለሽ። ከአራት ጓደኞችሽ ጋር ተደራጅታችሁ፣ ፕላስቲክ ሰብስባችሁ ለፋብሪካ የምትሸጡበት ማኅበር ልታቋቁሙ አስባችኋል። ለመነሻም ብድር ልትጠይቁ ነው። አባትሽ ሱቅ አላቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ዘመድ ባለበት ባንክ ተቀጥረሽ ታናናሾችሽን እንድታግዢ ነው። ሐሳብሽን ስትነግሪያቸው «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ቆራሌ እንድትሆኚ ነው?» አሉሽ። ስለ ውጭ አገር ማስተርስ፣ ስለ እንግሊዝኛሽና ስለ መውጫ ፈተናውም ጠይቀሽኛል።

እኔን የያዘኝ ግን መሐል ላይ የጻፍሽው ነገር ነው። «የቦርከናን ወንዝ በዘመቻ አጸዳን፤ ክረምት ሲገባ ያው ሆነ። ታዲያ ይሄ ነገር ሥራ ነው ወይስ በጎ አድራጎት?» ብለሻል።

ሥራ ነው። ሥራ የሚያደርገው ግን ዋጋ ነው። ዘመቻን አልጠላም፤ ልጆች ጓንት አጥልቀው ወንዝ ሲወርዱ ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የእሁድ ዘመቻ የሰኞ ገበያን ፌስታል አያስቆመውም።

ነገ ጠዋት ከአራዳ እስከ ሰኞ ገበያ መሬት መሬቱን እያየሽ በእግርሽ ሂጂ። የተጣለ የለስላሳ የመስታወት ጠርሙስ ታያለሽ? የቢራስ? አታዪም። የዘይት ጀሪካንም አታገኚም፤ ገና ዘይቱ ሳያልቅ ውሃ መቅጃ ሊሆን የታሰበለት ዕቃ ነው። ሃይላንድ ግን አለ። ደህና ደህናውን ዘይትና ጋዝ የሚቸረችሩ ሰዎች ወስደውት፣ የተጨማደደው ቀርቷል። ፌስታል ደግሞ የሌለበት የለም። ቦይ ውስጥ፣ አጥር ላይ፣ የከብት ሆድ ውስጥ ሳይቀር። ከተማው ያው ነው፣ ሰዉም ያው ነው። አንዱ ዕቃ ሲመለስ ገንዘብ አለው፣ ሌላው የለውም። በቃ።

አባትሽን እዚህ ላይ ጠይቂያቸው። ባዶ ጠርሙስ ሳያመጣ ለስላሳ ይዞ መሄድ ለፈለገ ሰው ምን ያደርጋሉ? መያዣ ይቀበላሉ። ሰውየው ጠርሙሱን ሲመልስ ብሩን ይመልሱለታል። ሳጥኑ ሲሞላ ለአከፋፋዩ ያስረክባሉ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ተጠቅመው በሚጥሏቸው የመጠጥ ዕቃዎች ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ዛሬ መያዣው 25 የዩሮ ሳንቲም ነው፤ ከመቶው ከ90 በላይ ጠርሙስ ተመልሶ ይመጣል። አየርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም አስከፈለች። አጠቃቀሙ ከመቶ 90 ያህል ወረደ። አባትሽ «ቆሻሻ» የሚሉት ሥራ እሳቸው በየቀኑ ሱቃቸው ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ነው። ይህን በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ንገሪያቸው።

እንዲህ ስልሽ ገበያው ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። ከዓለም የፕላስቲክ ቆሻሻ ውስጥ ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውለው 9 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፦ ፕላስቲክ በብዛት የሚሠራው ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ነዳጅ ሲረክስ አዲሱ ጥሬ ዕቃም ይረክሳል። ያኔ ፋብሪካው ያጠባችሁትን ትቶ አዲሱን ይገዛል። እናንተ ሳታጠፉ «ኪሎው ወርዷል» ትባላላችሁ። እኛ አገር ጥሬ ዕቃው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ስለሚገባ፣ ዶላር ሲጠፋ የአገር ውስጡ ይፈለጋል። ይሄ ጥሩ ዕድል ነው። ግን በዶላር እጥረት ላይ ኑሮ አይመሠረትም።

ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል፤ የአገርም፣ የዓለምም። ጠርሙሱን ገበያ ላይ ያወጣው ኩባንያ ለመሰብሰቢያው ይክፈል የሚል ሕግ ቢኖር፣ ነዳጅ ረከሰ ብሎ የእናንተ ገቢ አይንኮታኮትም። አንድ አገር ብቻውን ደግሞ ብዙ ርቀት አይሄድም። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2018 የሌላውን አገር ፕላስቲክ ቆሻሻ አልቀበልም ስትል፣ ጭነቱ ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች ዞረ። ከዚያ በኋላ ነው አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲጓጓዝ በሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ንጹሕ ያልሆነ የፕላስቲክ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር ፈቃድ እንዳይላክ የተወሰነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ይሠራል።

ትልቁ ስምምነት ግን እስካሁን የለም። አገሮች አስገዳጅ የፕላስቲክ ውል ለመደራደር ናይሮቢ ላይ የወሰኑት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 2017 ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ላይ ያልቃል ተባለ፣ አላለቀም። በነሐሴ 2017 ጄኔቫ ላይም ሳይስማሙ ተለያዩ። ብዙ አገሮች ምርቱ ራሱ ይገደብ ይላሉ። ነዳጅ አምራቾቹ ደግሞ ስለ ቆሻሻ አያያዝ ብቻ እናውራ ይላሉ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። ቧንቧው ክፍት ሆኖ ወለል መወልወል አያዋጣም። የአንቺም የኪሎ ዋጋ የተንጠለጠለው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ወሬውን ተከታተዪ።

በአገር ቤት አዋጅ 513/1999 ስስ ፌስታልን ከከለከለ ቆየ። በ2017 ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን ጠቅልሎ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ለፌስታል ክልከላው ልክ ነው፤ ማንም በኪሎ ለቅሞ አይከብርበትም። ሃይላንድ ላይ ግን ክልከላ ሳይሆን መያዣ ቢመጣ ነው የምመርጠው። በነገራችን ላይ የደሴ ቆሻሻ ውቅያኖስ አይደርስም። ቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የጣልነው ሁሉ እዚሁ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ነው የሚቀረው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ባንክ አትግቢ። ማኅበሩንም ዛሬ አታቋቁሙ። ሁለት ዓመት ያህል ፕላስቲክ የሚገዛ ወይም የሚያቀልጥ ፋብሪካ ውስጥ ሥሪ። ኮምቦልቻም ይሁን አዲስ አበባ፣ ጥራት ቁጥጥር ወይም ግዢ ክፍል። እኔ ሥራ የጀመርኩት በመጠጥ ፋብሪካ ግዢ ክፍል ነው። ሻጭ ሆነሽ ከምትማሪው ይልቅ ገዢው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የምትማሪው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ገዢ ለምን ጭነት እንደሚመልስ፣ ለምን ዋጋ እንደሚቆርጥ እዚያ ታያለሽ።

ለምሳሌ ዛሬ ማታ አንድ ሃይላንድ ከነክዳኑ ቆራርጪና ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሪው። የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል። ሁለቱ የተለያየ ፕላስቲክ ናቸው፤ አብረው ከቀለጡ ዕቃው ይበላሻል። ፒቪሲ የተባለው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ግን እንደ ጠርሙሱ ስለሚሰምጥ በውሃ አይለይም። ጥቂቱ ከተቀላቀለ ብዙውን ያበላሻል፣ ገዢም የሚመልሰው እንዲህ ያለውን ጭነት ነው። ይህን ከጓደኞችሽ ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ትምህርትሽ ነውና። ሌላው የመጓጓዣ ነገር ነው። ያልተጨመቀ ሃይላንድ የጫነ አይሱዙ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር የሚያጓጉዘው በአብዛኛው አየር ነው። መጭመቂያ ሳይኖራችሁና የገዢ ስም በወረቀት ሳትይዙ ብድር ብትወስዱ፣ ዕዳው ነው የሚተርፋችሁ።

እስከዚያው ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። አባትሽን አስፈቅደሽ ለአንድ ወር ሱቁ በር ላይ ጆንያ አስቀምጪ። አሥር ሃይላንድ ላመጣ ልጅ ከረሜላ ስጪ። ልዋጭ የሚሉት ነጋዴዎች የሚሠሩበት መንገድ ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከሃምሳ በላይ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይፈልጋል። የከረሜላው ወጪ፣ የጆንያው፣ የጋሪው፣ በሌላ በኩል ገዢ የሚሰጥሽ ዋጋ፤ ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፊ። አባትሽ ነጋዴ ናቸው፤ ከእኔ ምክር ይልቅ ያንን ደብተር ያምናሉ።

ስለ ቆራሌው ነገር ደግሞ። አባትሽ የደከሙልሽን አከብራለሁ፣ በዚህ ግን ተሳስተዋል። ቆራሌው ፀሐይ ላይ እየዞረ ማንም ያልከፈለውን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ይሠራል። በዓለም ድርድሩ ላይ የቆሻሻ ለቃሚዎች ማኅበራት ራሳቸው ተወክለው ስለ ራሳቸው ተናግረዋል። የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የሚያሳፍረው በኬሚካል ኢንጂነሪንግ የተመረቀች ልጅ የማትወደው መስኮት ላይ ተቀምጣ ብር ስትቆጥር ዕድሜዋ ሲያልቅ ነው። ባንክን የሚወድ ይግባበት፤ አንቺ አትወጂውም፣ ሦስት ቦታ ላይ ጽፈሽዋል።

ታናናሾችሽን ማገዝ ተገቢ ነው። ግን ስንት ብር? እስከ መቼ? ከአባትሽ ጋር ቁጭ በሉና ቁጥሩን አስቀምጡ። ፋብሪካ መጀመሪያ ላይ ከባንክ ያነሰ ሊከፍልሽ ይችላል፤ የምትሰጪውም በዚያው ልክ ይሁን። ቁጥር የሌለው ዕገዛ ማለቂያ የለውም፣ በመጨረሻም ቂም ይሆናል።

ማስተርሱ ይቆይ። የሁለት ዓመት የፋብሪካ ልምድ ይዘሽ ስታመለክቺ የምትጽፊው ነገር ይኖርሻል። ለእንግሊዝኛሽ አብሽሪ፤ የጻፍሽልኝ ናሙና ለሥራ ይበቃል። የመውጫ ፈተናውን ግን አትናቂው። ሳታልፊው ዲግሪው አይሰጥሽም፣ ያልኩሽም ፋብሪካ ያለ ዲግሪ አይቀጥርሽም። ጆንያውን ከፈተናው በኋላ አውጪው።