ትርፉ አድጎ ያልተከፋፈለው ትርፍ ለምን ቀነሰ?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግል ባንክ ለብድር ተንታኝነት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ዓመታዊ ሪፖርቱን ሳነብ የተጣራ ትርፉ ጨምሯል፤ ያልተከፋፈለ ትርፉ (ሪቴይንድ ኧርኒንግስ) ግን ካምናው ቀንሷል። ባንኩ ተዳክሟል ማለት ነው? ቢጠይቁኝስ ምን ልመልስ?

መልስ፦ እህታችን፣ ባላንስ ሺቱ (የሀብትና የዕዳ መግለጫው) ላይ ያለውን አንድ ቁጥር ብቻ አይተሽ ምንም አትፍረጂ። መልሱ ብዙ ሰው ገልጦ በሚያልፈው የካፒታል ለውጥ መግለጫ ላይ ነው። ያልተከፋፈለው ትርፍ ዓመቱን በስንት ጀመረ፣ ምን ገባበት፣ ምን ወጣበት የሚለው እዚያ በመስመር በመስመር ተቀምጧል።

ለማሳያ ያህል እንዲህ እናስላው። ባንኩ ዓመቱን በ600 ሚሊዮን ብር ያልተከፋፈለ ትርፍ ጀመረ። ባለአክሲዮኖች በጠቅላላ ጉባኤ ካምናው ትርፍ 560 ሚሊዮን እንዲከፋፈል ወሰኑ፤ 40 ቀረ። የዘንድሮው የተጣራ ትርፍ 1 ቢሊዮን ሲጨመር 1,040 ሚሊዮን ሆነ። ከዚህ ላይ ሕጋዊ መጠባበቂያ ይነሳል። የኢትዮጵያ ባንኮች መጠባበቂያው ከካፒታላቸው እኩል እስኪሆን ድረስ በየዓመቱ ከተጣራ ትርፋቸው 25 በመቶውን ወደዚህ ሂሳብ ያዛውራሉ፤ እዚህ 250 ሚሊዮን መሆኑ ነው። 230 ሚሊዮን ደግሞ ወደ ብድር ስጋት መጠባበቂያ ሄደ እንበል። መዝጊያው 560 ሚሊዮን ነው፤ ከመነሻው በ40 ሚሊዮን አነሰ።

ባንኩ ግን አልደኸየም። ከተከፋፈለው 560 ሚሊዮን ውስጥ ባለአክሲዮኖቹ 310ውን አክሲዮን ገዝተውበት ከሆነ፣ ከቤት የወጣው ጥሬ ገንዘብ 250 ሚሊዮን ብቻ ነው። ጠቅላላ ካፒታሉ በ750 ሚሊዮን አድጓል፤ ገንዘቡ ሳጥን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ዝቅተኛውን የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ካደረገ ወዲህ የትርፍ ድርሻን ወደ አክሲዮን ማዞር በጣም የተለመደ ነው። ይህን ያላየ ተንታኝ «ትርፉን ለባለአክሲዮን በተነው» ብሎ ይሳሳታል።

አሁን ወደዚያ 230 ሚሊዮን ተመለሺ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ከሌሎች የምትለዪው እዚህ ነው። ባንኮች ለብድር ኪሳራ የሚይዙትን ሁለት ጊዜ ያሰላሉ፦ አንዴ በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ (አይ ኤፍ አር ኤስ 9) በሚጠበቀው ኪሳራ ግምት፣ አንዴ ደግሞ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ። በመመሪያው የብድሩ ክፍያ በዘገየ ቁጥር የሚያዝለት መቶኛ ይጨምራል፤ «ኪሳራ» ምድብ ሲገባ 100 በመቶ ይደርሳል። የመመሪያው ስሌት ከበለጠ፣ ልዩነቱ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው በኩል ሳያልፍ ካልተከፋፈለው ትርፍ ተቀንሶ ሊከፋፈል ወደማይችል መጠባበቂያ ይገባል። ስለዚህ ይህ ሂሳብ በአንድ ዓመት ሲያሻቅብ የባንኩ የራሱ ግምት ከተቆጣጣሪው ይልቅ ለስለስ ያለ ነው ማለት ነው። የታወጀው ትርፍ ያማረበት አንዱ ምክንያት ያ ሊሆን ይችላል። ወዲያው የብድር ማብራሪያውን ገልጠሽ ሦስተኛ ደረጃ የገቡት (መመለሳቸው አጠራጣሪ የሆኑት) ብድሮች ከጠቅላላው ምን ያህል እንደሆኑና ምን ያህል እንደተያዘላቸው አስዪ፤ ያንኑ ካምናው ጋር አስተያዪ።

ተቃራኒውም ያታልላል። ያልተከፋፈለ ትርፍ ስላደገ ብቻ ባንኩ ጠንካራ ነው አይባልም። ትርፉ ከወለድና ከኮሚሽን ነው ወይስ ከውጭ ምንዛሪ ለውጥ? እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዕዳቸው የበለጠ የውጭ ምንዛሪ ሀብት የያዙ ባንኮች ትርፍ አስመዝግበዋል፤ እንዲህ ያለው ግን በየዓመቱ አይደገምም። የገቢ ማብራሪያውን ሳታዪ የዓመቱን ዕድገት ለሚቀጥለው ዓመት አትተንብዪበት።

ያልተከፋፈለ ትርፍ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ ነው እንዳትዪ። በብዛት ስህተት የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ለብድር ተሰጥቷል፣ ቦንድ ተገዝቶበታል፣ ሕንፃ ተሠርቶበታል። ባንኩ ለአስቀማጮች መክፈል ይችላል ወይ ለሚለው የሚታየው ጥሬ ገንዘብና በቀላሉ የሚሸጥ ሀብት ነው። ያልተከፋፈለው ትርፍ የሚነግርሽ ኪሳራ ቢመጣ የአስቀማጭ ገንዘብ ከመነካቱ በፊት የሚሸከመው ምን ያህል እንደሆነ ነው።

አንድ ስሌት ደግሞ በቃልሽ ያዢ። ከላይ ያለው ባንክ ዓመቱን በ5 ቢሊዮን ጠቅላላ ካፒታል ከጀመረ፣ ባስቀረው 750 ሚሊዮን ካፒታሉ 15 በመቶ አደገ። በስጋት የተመዘነ ሀብቱ (ብድሩና ሌላው ሀብቱ እንደየስጋቱ መጠን ተመዝኖ ሲደመር) ግን 30 በመቶ ካደገ፣ 12 በመቶ የነበረው የካፒታል ብቃት ምጣኔ (ካፒታሉ ለዚህ ሀብት ሲካፈል) ወደ 10.6 በመቶ ይወርዳል (12 በ1.15 ተባዝቶ ለ1.30 ሲካፈል)። እንዲህ ሁለት ሦስት ዓመት ከቀጠለ ወይ ብድሩን ያቀዘቅዛል፣ ወይ አዲስ አክሲዮን ይሸጣል።

ከቃለ መጠይቁ በፊት የዚያኑ ባንክ የሁለት ዓመት ሪፖርት ይዘሽ የካፒታል ለውጡን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ በእጅሽ ሥሪ፤ ማብራሪያዎቹን ከዋናው መግለጫ ጋር አመሳክሪ። ከሪፖርቱ ቀን በኋላ የጸደቀ የትርፍ ክፍፍል ካለ፣ ከመዝጊያው ላይ ገና እንዳልተቀነሰ ልብ በዪ። «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ የስጋት መጠባበቂያው ለምን እንደጨመረ ጠይቂያቸው።