ልጄ የኮሌጅ ስፖርት ቢሮ ውስጥ ልሥራ አለኝ፤ ምን ልበለው?

ባለፈው እትም አሜሪካ ውስጥ በኮሌጅ ስፖርት አስተዳደር 17 ዓመት እንደሠራሁ ጠቀስ አድርጌ ነበር። አንድ መስመር ብቻ ነበረች። በእሷ ሰበብ የመጣው ደብዳቤ ግን ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። የብዙዎቻችሁን ሐሳብ ይይዛሉ ያልኳቸውን አምስት ጥያቄዎች መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ ከኮሌጅ ይመረቃል። ነርሲንግ ወይ ኮምፒውተር ይማራል ብዬ ስጠብቅ ስፖርት ማኔጅመንት ተማረ። አሁን ደግሞ «ኮሌጅ ውስጥ አትሌቲክስ ክፍል እቀጠራለሁ» ይለኛል። ልጄ ሯጭ አይደለም፣ ኳስም አይጫወትም። እዚያ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው? ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት ሥራ ነው? — የልጇ ነገር ያሳሰባት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ሥራውን ስጀምር እናቴ ይህንኑ ጠይቃኛለች። ስለዚህ ጭንቀትዎ በደንብ ይገባኛል።

ከቃሉ ልጀምር፤ ብዙ ቤት ውስጥ አለመግባባቱ የሚመጣው ከእሱ ነው። እኛ «አትሌቲክስ» ሲባል የሚታየን ሩጫ ነው። ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ። አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ግን አትሌቲክስ ማለት ስፖርቱ በሙሉ ነው፤ ቅርጫት ኳሱም፣ ዋናውም፣ የአሜሪካ ፉትቦሉም፣ ሩጫውም። አትሌቲክስ ክፍል የሚባለው ይህን ሁሉ የሚመራው መሥሪያ ቤት ነው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ 36 ቡድኖች አሉት፤ ስፖርተኛ ተማሪዎቹ ወደ 1,000 ይጠጋሉ። የሚያስተዳድራቸው ሰው ብዛትማ ለብቻው የአንድ ትልቅ ድርጅት ያህል ነው።

አንድ የቅዳሜ ጨዋታ ያስቡ። ሜዳው ላይ የሚታዩት ተጫዋቾችና አሰልጣኞች ናቸው። ከኋላ ግን አውቶቡስ የተከራየ፣ ሆቴል የያዘ፣ ለ40 ልጅ ምሳ ያዘዘ፣ ዳኞቹን የተቀበለ፣ አምቡላንስ መቆሙን ያረጋገጠ፣ ትኬት የሸጠ፣ ለጋዜጠኞች ውጤቱን የሚያቀብል፣ ሰኞ ፈተና ላለበት ልጅ አስጠኚ የፈለገ ሰው አለ። እነዚህ ሁሉ ደመወዝተኞች ናቸው። ከበላያቸው የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ አለ። በጀቱን ይይዛል፣ አሰልጣኝ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል፣ ገንዘብ የሚለግሱ የድሮ ተማሪዎችን እየዞረ ያነጋግራል፣ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ፊት ቀርቦ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

የእኔ ክፍል ኮምፕላያንስ ይባላል። ደንብ የማስጠበቅ ሥራ ነው። የአብዛኛው ኮሌጅ ስፖርት የበላይ ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፤ በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ ተማሪዎች እየሞቱ ስለነበር ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀሩ ጣልቃ ገብተው ነበር። ዛሬ ወደ 1,100 ኮሌጆችና ከ500,000 በላይ ስፖርተኛ ተማሪዎች በሥሩ አሉ። የደንብ መጽሐፉ ወፍራም ነው። ልጁ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠለጥናል፣ ስንት ክሬዲት ይይዛል፣ አሰልጣኙ መቼ ሊደውልለት ይችላል፣ ሁሉም ተጽፏል።

«ታዲያ ይሄ ወረቀት አይደለም ወይ?» ሊሉኝ ይችላሉ። ነው፤ ወረቀት ነው። ግን አንድ ነገር ላጫውትዎ። በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፣ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ። ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣች ሯጭ ነበረችን። ኬሚስትሪው ከበዳትና አንድ ማታ ኢንተርኔት ላይ ገብታ ኮርሱን ጣለችው። 13 ክሬዲት ነበራት፣ 9 ቀራት። 12 ሳይሞላ መወዳደር አይቻልም። የተማሪ ቪዛዋም የሚጠይቀው ያንኑ 12 ነው። ማስጠንቀቂያው ኢሜይሌ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁለት ቀን ሳላየው ቀረሁ፤ እሷም ቅዳሜ ሮጠች። ውጤቷ ተሰረዘ፣ ኮሌጁም ጥፋቱን ራሱ ሪፖርት አደረገ። ያ ግን ትንሹ ጉዳይ ነበር። ልጅቷ ቢሮዬ ቁጭ ብላ «አገሬ ሊመልሱኝ ነው?» ስትለኝ ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ቢሮው በዚያው ሴሚስተር ዘግይቶ የሚጀምር ኮርስ አግኝቶላት ነው የተረፈችው። ተመርቃለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ቢሮ ስገባ ቡናዬን ሳልይዝ በፊት የክሬዲት ዝርዝሩን ነው የምከፍተው። ያ ወረቀት የሰው ልጅ ሕይወት ነው፤ ይህን የማይገነዘብ ሰው እዚህ ሥራ ላይ ባይመጣ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ልጅዎን «ምን ይሉት ሥራ ነው?» ከማለት «የትኛው ክፍል ነው የምትገባው?» ይበሉት። ገንዘብ ማሰባሰብ ነው? ትኬት ነው? የተማሪዎች ድጋፍ ነው? ደንብ ነው? ቁርጥ ያለ መልስ ካለው አስቦበታል ማለት ነው፣ ይመርቁት። «ስፖርት ስለምወድ» ብቻ ካለ ግን ገና ነው። ስፖርት የሚወድ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አስተምራለሁ። የአንተን ዓይነት ሥራ እንዴት ልማር እችላለሁ? አንድ ሰው በ80,000 ብር ሁሉንም ጨርሶልኝ ሊልከኝ ቃል ገብቶልኛል። — የስፖርት መምህር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብሩን እንዳትሰጥ። አስቀድሜ ይህን ልበልህ። እኔ የምነግርህ መንገድ ደላላ አይፈልግም።

ይህ ሙያ ራሱን የቻለ የማስተርስ ትምህርት አለው። የመጀመሪያውን የከፈተው ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1966። ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲም ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ ይሰጣል። ክፍያው ግን ከአገር ቤት ሆኖ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ የምትፈልገው ግራጁዌት አሲስታንት የሚባለውን ቦታ ነው። አትሌቲክስ ክፍሉ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ያህል ትሠራለህ፣ ኮሌጁ የትምህርት ክፍያህን በሙሉ ወይም በከፊል ይችልሃል፣ ለኑሮም ትንሽ ገንዘብ ይሰጥሃል። በተማሪ ቪዛም ካምፓስ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት የተፈቀደ ነው። ሁሉም ሰው የሚጽፈው ለመግቢያ ቢሮው ነው፤ አንተ ለአትሌቲክስ ክፍሉም በቀጥታ ጻፍ። የሠራተኞቹ ስምና ኢሜይል ድረ ገጻቸው ላይ አለ። ትልልቆቹን ብቻ አታሳድ፣ ዲቪዚዮን 2 እና 3 የሚባሉት ትንንሾቹ ኮሌጆች ሰው ስለሚያንሳቸው አንድ ሰው አምስት ዓይነት ሥራ ይማርባቸዋል። እኔም ሙያውን የቀሰምኩት እዚያ ነው።

ስትጽፍ «ስፖርት እወዳለሁ» አትበል። የሠራኸውን ተናገር። የትምህርት ቤቶች ውድድር አዘጋጅተሃል? ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ልጅ፣ ለስንት ቀን፣ በስንት ብር? ሜዳ ለማግኘት ማንን አሳመንክ? ይህን በቁጥር ካስቀመጥክ እዚህ ያለ ዳይሬክተር ወዲያው ይገባዋል፣ ምክንያቱም እሱም የሚውለው በዚሁ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። እኛ አገር ጎበዝ ልጅ ሲገኝ መንገዱ ክለብና ፌዴሬሽን ነው። ወይ መቻል ይገባል፣ ወይ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ወይ አሰላ ጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ። ትምህርቱ ከጎን ይቀራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል። እዚህ ደግሞ ስፖርቱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። ያሬድ ንጉሤን ታውቀዋለህ፤ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ፣ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ለአሜሪካ ነሐስ ያመጣው ልጅ። ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ ነው የሮጠው። ሯጭም ተማሪም መሆን የቻለው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ፈተናውና ውድድሩ ሲጋጭ የሚያስታርቅ ቢሮ ስላለ ጭምር ነው። ይህ ቢሮ አገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ቢኖር ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ተምረህ ብትመለስ የምትሠራው አታጣም።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነኝ፣ 20 ዓመቴ ነው። ኮሌጄ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ውስጥ ማናጀር ሆኜ አግዛለሁ። ቢሮ ውስጥ አለቆቹ ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው። ለእኔ ቦታ አለው? — ወደፊት ዳይሬክተር

መልስ፦ ፊርማሽን ወድጄዋለሁ። አዎ፣ አለው፤ ግን ታሪኩን እወቂው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ታይትል 9 የሚባለው ሕግ ወጣ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ ይከለክላል። ስፖርት የሚል ቃል ውስጡ የለም። የኮሌጅ ስፖርትን የቀየረ ግን እሱ ነው፤ ያኔ ኮሌጅ ውስጥ የሚወዳደሩት ሴቶች ወደ 30,000 ገደማ ነበሩ፣ ዛሬ ከ200,000 በላይ ናቸው። የሚያሳዝነው ሌላው ጎኑ ነው። ከሕጉ በፊት የሴቶች ስፖርት የራሱ ቢሮ ነበረው፣ የሚመሩትም በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። የወንዶቹና የሴቶቹ ቢሮ ሲቀላቀል አለቅነቱ ለወንዶቹ ሆነ። ተጫዋቾቹ በዙ፣ መሪዎቹ ቀነሱ። ዛሬም ያ ቁስል ሙሉ በሙሉ አልዳነም። አሁን የምታዪው ቢሮ የዚያ ውጤት ነው።

የተሻገሩ ግን አሉ። ጁዲ ስዊት እ.ኤ.አ. በ1975 ሳን ዲየጎ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ስፖርት አንድ ላይ ከመሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነች፤ በ1991 ደግሞ የኤንሲኤኤ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት። ካርላ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2017 ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ስትረከብ እርስ በርስ የሚወዳደሩ ኮሌጆች ከሚሰባሰቡባቸው ማኅበራት፣ ኮንፈረንስ ከሚባሉት፣ ከትልልቆቹ አምስት በአንዱ የአትሌቲክስ ዳይሬክተር የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ዊሊያምስ ተጫዋችም፣ ረዳት አሰልጣኝም፣ በየደረጃው ያለች አስተዳዳሪም ሆና ነው እዚያ የደረሰችው።

የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡን ተማሪ። ሴቶችን ብዙ ጊዜ ወደ ተማሪ ድጋፍና ወደ ዝግጅት ማስተባበር ይገፏቸዋል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ዳይሬክተር ሲመረጥ የሚጠየቀው «በጀት መርተሻል? ለጋሽ አምጥተሻል?» ነው። በጋ ላይ ኢንተርንሺፕ ስትፈልጊ የበጀት ወይም የገንዘብ ማሰባሰብ ክፍሉን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነኝ። የእኛን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ውድድር ላይ በየዓመቱ ቡድን ይዤ እሄዳለሁ። የኮሌጅ ተጫዋቾች አሁን ይከፈላቸዋል ይባላል፤ እውነት ነው? በተማሪ ቪዛ የመጣች የወንድሜ ልጅ አለችኝ፣ ትሮጣለች። — የቡድን መሪ

መልስ፦ እውነት ነው ጋሼ። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተማሪው በስሙና በምስሉ ከማስታወቂያ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። ሰኔ 2025 ላይ ደግሞ ፍርድ ቤት አንድ ትልቅ ስምምነት አጸደቀ፤ ኮሌጆቹ ራሳቸው ለተጫዋቾች እንዲከፍሉ ተፈቀደ፣ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ኮሌጅ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ።

ልጆቹ ድርሻቸውን ማግኘታቸው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስታዲየሙን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። የሚያስፈራኝ ግን ገንዘቡ በአብዛኛው ወደ ፉትቦልና ወንዶች ቅርጫት ኳስ መሄዱ ነው። ዋና፣ ቴኒስ፣ ሩጫ ገቢ አያመጡም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚታዩት እነሱ ናቸው፣ የእኛ ልጆች ደግሞ ያሉት ሩጫው ላይ ነው። የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ይህ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

ለወንድምዎ ልጅ አንድ ነገር አደራ። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ያለ ፈቃድ ከካምፓስ ውጭ ሠርቶ መከፈል አይችልም፤ የማስታወቂያ ውል ደግሞ እንደ ሥራ ሊቆጠር ይችላል። ጓደኞቿ ስለፈረሙ እሷ አትፈርም። የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ቢሮውንና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር እስክሪብቶ እንዳታነሳ።

ጥያቄ፦ ደመወዙስ? ሰዓቱስ? በግልጽ ንገረን። — ሦስት ጓደኛሞች ከአትላንታ

መልስ፦ መነሻው ዝቅተኛ ነው። የትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲ ዳይሬክተሮች በዓመት ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛሉ፣ እሱን አይታችሁ ግን አትግቡ፤ ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጓደኛ ጋር ቤት መጋራት ይኖራል፣ ለተሻለ ቦታም ከስቴት ስቴት መዞር አለ። እኔ አራት ጊዜ ዕቃዬን ጭኛለሁ።

ሰዓቱ ይከብዳል። ጨዋታ ያለው ሰው ሁሉ በሚያርፍበት ቀን ነው። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ክርስትና፣ ድንገት ደግሞ ልቅሶ፤ የእኛ ማኅበራዊ ኑሮ ቅዳሜና እሑድ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ያኔ ሜዳ ላይ ነኝ። የታናሽ እህቴ ሠርግ የኮንፈረንስ ሻምፒዮና ቀን ላይ ዋለ። ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ ሄድኩ፤ የአጎቴ ቀብር ላይ ግን አልደረስኩም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ከምታገቡት ሰው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

አሁንም ልብ ካላችሁ ነሐሴ ላይ፣ ወቅቱ ሳይጀመር፣ አቅራቢያችሁ ያለ ኮሌጅ ትኬት ቢሮ ሄዳችሁ «ለጨዋታ ቀን ሰው ትፈልጋላችሁ?» በሉ። ሁልጊዜ ይፈልጋሉ። ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ቀኑ ረጅም ነው።