ፊርማ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም

ሰላም እህቴ። «የማስተርስ ተማሪዎቼ ለጥናት ወደ ማኅበረሰብ ሊወጡ ነው፣ ሰዉን አክብረው እንዲሠሩ ምን ላስተምራቸው? የአንድ ቀን ሥልጠና ይበቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይበቃም። ተመራማሪዎችን ለመስክ ሥራ በማዘጋጀት ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሺኝ።

አብዛኞቹ ተማሪዎች ጨዋ ናቸው፤ የሰላምታ ችግር የለባቸውም። ችግሩ ሰዉ ዘንድ የሚደርሱት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ጥያቄው ተቀርጿል፣ መጠይቁ ተባዝቷል፣ በጀቱም ጸድቋል፤ ለማኅበረሰቡ የቀረው መልስ መስጠት ብቻ ነው። ይሄ የቱንም ያህል በትሕትና ቢደረግ ትብብር አይባልም። ስለዚህ ፕሮፖዛል ሳይጻፍ በፊት ላኪያቸው። ያለ መቅረጫ፣ ያለ መጠይቅ ይቀመጡ። ሰዉን የሚያሳስበው ምን እንደሆነ ይስሙ። ከዚህ በፊት ተመራማሪ መጥቶ እንደነበርና ምን ትቶ እንደሄደም ይጠይቁ። እኔ በተደጋጋሚ የምሰማው መልስ ይሄ ነው፦ መጡ፣ ጠየቁን፣ ጻፉ፣ ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውንም አላየን። ተማሪ ይህን ከሰዉ አፍ ሲሰማ ከማንኛውም ሌክቸር በላይ ይገባዋል።

ከዚያ ፈቃድ። የሃቫሱፓይን ጉዳይ ክፍል ውስጥ አምጪላቸው። እነዚህ አሜሪካ፣ ግራንድ ካንየን ውስጥ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የስኳር በሽታ ስለበዛባቸው እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደም ሰጡ። ደሙ ግን በኋላ ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመምና ለዘር አመጣጥ ጥናትም ዋለ፤ የአመጣጡ ጥናት ደግሞ ስለ ራሳቸው ከሚያምኑት ጋር የሚጋጭ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700,000 ዶላር ለመክፈልና የቀረውን ደም ለመመለስ ተስማማ። ልብ በይ፣ የተፈረመ ቅጽ ነበር። ቅጹ ሰፋ ተደርጎ የተጻፈ ነው፣ ሰዉ የገባው ግን ስለ ስኳር በሽታ እንደሆነ ነው። ተማሪዎችሽ የራሳቸውን ቅጽ ይዘው «ይህን የሚፈርም ሰው ምን መስሎት ነው የሚፈርመው?» በሚለው ላይ ይከራከሩ። ግማሽ ቀን ስጫቸው።

እምቢታን መስማትም መለማመድ አለባቸው። ሰው ሁልጊዜ «አልፈልግም» አይልም። «እስቲ እናያለን» ይላል፣ ቀጠሮ ያራዝማል፣ ዝም ይላል። ችኩል ተማሪ ይህን እንደ እሺታ ይቆጥረዋል ወይም ደጋግሞ ይወተውታል፣ ሰዉም ሰልችቶት ይሰጠዋል። እኔ ይህን እንደ ማስገደድ ነው የማየው።

የሚያስተምረው ሰው ማንነትም ወሳኝ ነው። ብትችዪ ከማኅበረሰቡ ሰዎች ጋብዢ፣ እነሱ ያሠልጥኑ፤ ለሌላ እንግዳ መምህር የሚከፈለው ይከፈላቸው። የደቡብ አፍሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ሳኖች እ.ኤ.አ. በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አውጥተዋል። አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ፍትሕና ተቆርቋሪነት የሚሉ እሴቶች አሉበት። ተማሪዎቹ ከዩኒቨርሲቲያቸው መመሪያ በፊት እሱን ቢያነቡ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የሚናገረው የሚጠናው ወገን ነው።

ውጤት መመለስ ከፕሮፖዛሉ በጀት ውስጥ መስመር ይኑረው፣ ካልሆነ አይደረግም። ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ሰዉ በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው፣ «እዚህ ጋ ተሳስታችኋል» የማለት ዕድልም ያግኝ። መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ቀድሞ ይወሰን።

አንድ ነገር ግን ካንቺ ይፈለጋል። ማኅበረሰቡን ሰምቶ ርዕሱን የቀየረ ተማሪ ጊዜ ያጥረዋል፣ ዲፓርትመንቱም የማስረከቢያ ቀን አለፈ ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ዲፓርትመንትሽን አነጋግሪና የርዕስ ለውጥና የጊዜ ማራዘሚያ እንደሚፈቀድ በጽሑፍ አስይዢላቸው።