አሠራራችንን ቀየርን፤ ሥራው ግን ለምን ከበደን?

ጥያቄ፦ ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የእህል ግዥና የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ቀድሞ መስፈርቱን በሙሉ ጽፈን ካስፈረምን በኋላ ነበር ኮድ መጻፍ የምንጀምረው፤ ከመስከረም ወዲህ ግን ኃላፊያችን ሥራውን በትንሽ በትንሹ እየሠሩ፣ ለደንበኛው እያሳዩ ወደሚያስተካክሉበት አሠራር፣ ወደ አጃይል አሻገሩን። አሁን በየማለዳው ተሰብስበን የትናንቱን ሥራ ለእርሳቸው እናስረዳለን፤ ነባሮቹ ባልደረቦቻችን ሰነድ ቀረ እያሉ ያማርራሉ፤ ውሉ ደግሞ ዋጋውንም ጊዜውንም ዝርዝር ሥራውንም እንደ ድሮው ቆርጦ ያስቀመጠ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው ወይስ የአሠራሩ?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ከጻፉልን እንደምንረዳው የተለወጠው የስብሰባው ሰዓት እንጂ ውሳኔ የሚሰጥበት መንገድ አይደለም። ከአጃይል ስልቶች አንዱ በሆነው በስክረም መመሪያ የዕለቱ ስብሰባ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ፣ ሠሪዎቹ እርስ በርሳቸው የቀኑን ሥራ የሚያስተካክሉበት ነው፤ ለአለቃ ሪፖርት ማቅረቢያ ከሆነ ግን ሰው የተቸገረበትን ነገር መደበቅ ይጀምራል። ኃላፊው ቢገኙ እንኳ አድማጭ ይሁኑ፤ ይህን ለእርሳቸው መንገር ቀላል እንዳልሆነ አይጠፋንም።

የነባሮቹ ቅሬታ ከፊሉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በዩታ የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች ያወጡት የአጃይል መግለጫ የሚሠራ ሶፍትዌርን ከተንዛዛ ሰነድ አስቀደመ እንጂ ሰነድ ይቅር አላለም። የእህል ክብደትና የክፍያ ስሌት የሚመራባቸው ደንቦች ዛሬም ተጽፈው መቀመጥ አለባቸው። በአንጻሩ እንደ ቀድሞው አሠራራችሁ አንዱን ደረጃ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ የመሻገርን ስልት እ.ኤ.አ. በ1970 የገለጸው ዊንስተን ሮይስ ራሱ ፍተሻን እስከ መጨረሻ ማቆየት አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ውሉ ነው። ዋጋውና የጊዜ ገደቡ ባሉበት ቢጸኑ አይጎዳም፤ ዝርዝሩ ግን መለዋወጥ ካልቻለ በየሁለት ሳምንቱ ሥራ ማሳየት ትርጉም አይኖረውም። ስለዚህ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ ተመጣጣኝ የሆነና ገና ያልተጀመረ ሥራ እንዲወጣለት የሚፈቅድ አባሪ ስምምነት ይፈራረሙ። ዩኒየኑም ግዥውን የሚያውቅና እዚያው መወሰን የሚችል አንድ ሰው ይወክልላችሁ። አዝመራው ተሰብስቦ ግዥው ሲጧጧፍ ይህ ሰው ለእናንተ ጊዜ አይኖረውምና የእህል መረከቢያውን ክፍል አስቀድማችሁ ሠርታችሁ መጋዘን ድረስ ውሰዱት፤ ንብረት ክፍሉ ራሱ ይመዝግብበት፣ እናንተ ቆማችሁ የት እንደሚደናቀፍ ተመልከቱ።

እንዲህ ያለ ተወካይ ፈጽሞ የማይገኝ ከሆነ ግን በስም ብቻ አጃይል ከመባል፣ ፍተሻውን ወደ ፊት እያመጣችሁ በቀድሞው አሠራር መቀጠሉን እንመርጣለን።