ፈረሱን ከመጥመዳችሁ በፊት ፋንድያውን እዩ

ድሬ ላይ ጋሪ ይዛችሁ ለምትውሉ ልጆች ነው የምጽፈው፤ የእንስሳት ሕክምና የምትማሩም ብታነቡት ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን የፈረስና የአህያ ሆድ ሳክም ነው የኖርኩት። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ጠዋት ያደረበትን ቦታ ከመጥረጋችሁ በፊት ፋንድያውን እዩ።

መጀመሪያ የጤነኛውን እወቁ። ድብልብል ብሎ ይወርዳል፣ መሬት ሲነካ ይፈረካከሳል፣ ርጥበት አለው ግን አይፈስም። ቀለሙ እንደበላው ነው፤ እርጥብ ሣር ከሆነ አረንጓዴ፣ ጭድና አገዳ ከሆነ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ፈረስ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥላል። እና እኔን ከተቅማጥም በላይ የሚያስፈራኝ ባዶ በረት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ምንም ካልጣለ፣ ወይም የጣለው ትንንሽ፣ ደረቅና ንፍጥ የመሰለ ነገር የለበሰ ከሆነ፣ በተለይ በዚህ በእኛ ሙቀት ላብ ሲያልበው ውሎ ውሃ በደንብ ሳይጠጣ ካደረ፣ ሆዱ እየደረቀ ነው ማለት ነው። ጎኑን ዞሮ እያየ መሬት ከቆፈረ ወይም ከተንከባለለ ደግሞ ቁርጠት ይዞታል። የዚያን ቀን ጋሪ የለም፣ ሐኪም ጥሩ። ዘይት በጠርሙስ አፉ ውስጥ አትጋቱት፤ ሳንባው ከገባ ይገድለዋል።

የድሬ ፈረስ ሌላም ጣጣ አለበት፣ አሸዋ። መኖውን መሬት ላይ ስትበትኑለት፣ ወይም ደቻቱ ወንዝ ደረቅ በሆነ ጊዜ እዚያ ስትለቁት፣ ከሣሩ ጋር አሸዋ ይውጣል። አሸዋው አንጀቱ ውስጥ ይከማችና ተቅማጥ ወይም ቁርጠት ያመጣል። ባዶ ሃይላንድ አፉን ቁረጡ፣ መሬት ያልነካውን የላይኛውን ፋንድያ ጨምሩበት፣ ውሃ ሞልታችሁ በደንብ በጥብጡና አስቀምጡት። አሸዋ ካለ ከታች ይዘቅጣል። ባይዘቅጥም ሆዱ ንጹሕ ነው ብላችሁ እርግጠኛ አትሁኑ፤ ሁልጊዜ አብሮ አይወጣም። መኖውን ገንዳ ውስጥ አድርጉለት፣ ትልቁ መድኃኒት እሱ ነው።

ፋንድያው ውስጥ ረጃጅም ጭድ ወይም ያልተፈጨ ገብስ ካያችሁ ጥርሱን አስመርምሩ። የፌስታል ቁራጭ ከወጣም ለሐኪም ንገሩ፣ የቀረው ውስጡ ሊሆን ይችላል።

ትል አላየሁም ብላችሁ ግን አትዘናጉ። የትሉ እንቁላል በዓይን አይታይም፣ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ትኩሱን ፋንድያ በንጹሕ ፌስታል ቋጥራችሁ፣ ፀሐይ ሳያገኘው፣ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ አድርሱት። ያለ ምርመራ አንዱን መድኃኒት በየጊዜው እየደጋገሙ መስጠት ትሉን ያለማምደዋል፣ በኋላ አይሠራም። ስትመጡም ትናንት ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደጠጣ፣ መጨረሻ የጣለው መቼ እንደሆነ ይዛችሁ ኑ፤ እኔ ፈረሱን ከመንካቴ በፊት የምጠይቃችሁ እሱን ነው።